የወይራ ገፈት አመድ ሲሚንቶን ይተካል ወይ?

መጀመሪያ ጥያቄውን በአጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ እህታችን ሰሜን እስራኤል ገሊላ አካባቢ የወይራ ዘይት መጭመቂያ (ቤት ባድ) ውስጥ ነው የምትሰራው። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ገፈት አድርቀው ቦይለር ውስጥ ያነዱታል፣ አመዱ በበርሜል ይጠራቀምና መጨረሻው መጣል ነው። ሀዋሳ ደግሞ ብሎኬት የሚያመርት ወንድም አላት። "ይሄን አመድ ከሲሚንቶው 20 ፐርሰንት ቀንሼ በቦታው ብጨምረው ይሰራል ወይ፣ ዩቲዩብ ላይ ሰርቶ ያሳየ ሰው አይቻለሁ፣ ከሰራ ወንድሜ የቡና ገለፈት አመድ ይሞክር" ነው ያለችው።

እህቴ፣ 20 ፐርሰንት አይሆንም። 5 ፐርሰንትም ቢሆን ሳይመረመር አልመክርሽም። ግን አመዱ የሚጣል ነገር ነው ማለቴ አይደለም፣ የተሳሳተ ቦታ ልታስገቢው ስለሆነ ነው። እኔ የምሰራው የኮንስትራክሽን ማቴሪያል ላብ ውስጥ ነው፣ እና "አመድ ሲሚንቶ ይተካል" የሚለው ወሬ በጣም የተለመደ ነው፣ ችግሩ ሰው አመድን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየቱ ነው።

ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ የሚሰራ አመድ ምን አለው? ሲሊካ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥንካሬ የሚሰጠውን ነገር ይሰራል፣ ጎን ለጎን ደግሞ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) ይለቃል፣ ይሄ ኖራ ለጥንካሬ ብዙም አይጠቅምም። ክሪስታል ያልሆነ፣ ደቀቅ ያለ ሲሊካ ካለ ግን ያንን ኖራ ይበላና ተጨማሪ ጠንካራ ነገር ይፈጥራል፣ ፖዞላን የሚባለው ይሄ ነው። የሩዝ ገለፈት አመድ በአግባቡ ከተቃጠለ ከ85 ፐርሰንት በላይ ሲሊካ ሊሆን ይችላል፣ የባጋስ (ሸንኮራ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) አመድም ሲሊካው ብዙ ነው። የድንጋይ ከሰል ፍላይ አሽም (ከጭሱ የሚሰበሰበው ደቃቅ አመድ) እንደዛው፣ የአሜሪካኑ ስታንዳርድ ኤ ኤስ ቲ ኤም ሲ 618 ለረጅም ጊዜ ክላስ ኤፍ ከሚባለው የፍላይ አሽ አይነት ሲጠይቅ የኖረው ሲሊካ፣ አሉሚናና አይረን ኦክሳይድ ተደምረው ቢያንስ 70 ፐርሰንት እንዲሆኑ ነው።

የወይራ ገፈት አመድ እዚህ ጋ አይደርስም። ዋናው ነገሩ ፖታሲየም ነው። እንደ ቦይለሩና እንደ ፍሬው በጣም ይለያያል እንጂ ፖታሲየም ኦክሳይዱ 20፣ 30፣ 40 ፐርሰንት የሆነ አመድ የተለመደ ነው፣ ቀጥሎ ካልሲየም፣ ከዛ ሲሊካ፣ ማግኒዚየም፣ ፎስፈረስ፣ ሰልፌትና ክሎራይድ። ላብ ሳትሄጂም ይሄን አይተሽው ይሆናል፦ ቦይለሩ ውስጥ አመዱ ቀልጦ እንደ መስታወት ድንጋይ የሚሆንባችሁና ቱቦው ላይ ተጣብቆ በመዶሻ የምታስለቅቁት ነገር የለም? የዛ ዋና ምክንያቱ ፖታሲየሙ ነው፣ የሚቀልጥበትን ሙቀት ስለሚያወርደው።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንስራው። ኮንክሪት ውስጥ ያለ አልካሊ (ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ማለት ነው) የሚቆጠረው በሶዲየም ኦክሳይድ ተመጣጣኝ ነው፣ ማለትም ሶዲየም ኦክሳይዱ ላይ ፖታሲየም ኦክሳይዱን በ0.658 አባዝቶ መደመር። ሎው አልካሊ ሲሚንቶ የሚባለው ከ0.60 ፐርሰንት የማይበልጠው ነው። ያንቺ አመድ 30 ፐርሰንት ፖታሲየም ኦክሳይድ አለው እንበል፣ በ20 ፐርሰንት ስትተኪ ከጠቅላላው ማጣበቂያ (ሲሚንቶና አመድ ተደምረው) 6 ፐርሰንቱ ፖታሲየም ኦክሳይድ ሆነ ማለት ነው፣ በ0.658 ሲባዛ 3.9። የሲሚንቶው የራሱ አልካሊ ሳይደመር ከገደቡ ከስድስት እጥፍ በላይ። 5 ፐርሰንት ብቻ ብታስገቢ እንኳን ወደ 1 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል፣ እሱም ብቻውን ከ0.60 በላይ ነው።

ይሄ ሁሉ አልካሊ ምን ያመጣል? አንደኛው አልካሊ ሲሊካ ሪአክሽን የሚባለው ነው። ጠጠሩ ወይም አሸዋው ውስጥ ኦፓል፣ ካልሴዶኒ ወይ የእሳተ ገሞራ መስታወት አይነት ነገር ካለ አልካሊው ያጠቃውና ውሃ እየጠጣ የሚያብጥ ጄል ይፈጥራል፣ ከአመታት በኋላ ኮንክሪቱ እንደ ካርታ መስመር ይሰነጣጠቃል። እዚህ ጋ ሀዋሳን አስቢ፣ ስምጥ ሸለቆ ነው፣ ኦብሲዲያን፣ ራዮላይት፣ ቱፍ የሚባሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ያሉበት አገር። ሁሉም ኳሪ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ የደረቀ የክፍፍል ግድግዳ ብሎኬት ላይም እርጥበት ስለሌለ ስጋቱ ይቀንሳል፣ መሰረት ላይ ወይ ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ ግን እኔ አልነካውም።

ሁለተኛው ነገር ዩቲዩቡን የሚያብራራልሽ ይመስለኛል። ከፍተኛ አልካሊ ሲሚንቶን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያፋጥነዋል፣ በ28 ቀን ግን ጥንካሬው አልካሊው ባይኖር ከሚደርስበት በታች ይቀራል። ስለዚህ በ3 ቀን በ7 ቀን ብሎኬቱን ጥሎ "እዩ አልተሰበረም" የሚል ሰው ላይዋሽ ይችላል፣ የሚያሳየው ግን ግማሹን ነው። ደግሞ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ሲሚንቶውን ቶሎ ያስይዘዋል፣ ፎስፌቱ በተቃራኒው ያዘገየዋል፣ የትኛው እንደሚያሸንፍ ከበርሜል በርሜል ይለያያል፣ እስቲ ይሄን ይዞ ሰራተኛ አሰልፎ ማሽን ላይ ብሎኬት የሚያመርት ሰው ምን ይሁን? ጠዋት ያቦካው ማሽኑ ላይ ይደርቅበታል፣ ከሰዓት ያቦካው ማታ ድረስ አይዝም።

ሶስተኛው ነጭ ጨው ነው። ፖታሲየሙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ግድግዳው በረጠበና በደረቀ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፣ ፊቱ ላይ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ቀለሙን ይልጣል፣ ልስኑን ያስለቅቃል። ደንበኛ ይሄን ካየ ስለ ጥንካሬው ብታወሪለት አይሰማሽም። ክሎራይዱ ደግሞ ባዶ ብሎኬት ላይ ብዙ ባይጎዳም ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ውስጥ ከገባ ብረቱን ያዝገዋል፣ የአውሮፓው ስታንዳርድ ሲሚንቶ ውስጥ የሚፈቅደው ክሎራይድ በአብዛኛው 0.10 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ከቦይለር ጭስ ማጣሪያ የሚወጣ የወይራ አመድ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፣ አመድሽ ራሱ ሁለት አይነት ነው። ከቦይለሩ ስር የሚወጣው ከበድ ያለው አለ፣ ከጭስ መውጫው ሳይክሎን ወይም ፊልተር የሚሰበሰበው ደቃቅ አለ። ፖታሲየሙና ክሎራይዱ በሙቀት ተንኖ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ስለሚቀመጥ በብዛት የሚገኘው ደቃቁ ላይ ነው። የስሩ ደግሞ ሲሊካና ካልሲየሙ ከፍ ይላል፣ የሲሊካው አንዱ ምክንያት ወይራው ከመሬት ሲለቀም አፈር ይዞ ስለሚመጣ ነው። ሁለቱን አንድ በርሜል ከጨመራችኋቸው ከዛ በኋላ ማንም ላብ የሚረባ መልስ አይሰጥሽም። ፍሬውን (የወይራውን ድንጋይ ማለቴ ነው) ለይታችሁ ለብቻው ከሆነ የምታነዱት እሱ አመዱ በጣም ትንሽ ነው፣ 1 ፐርሰንት አካባቢ፣ የሙሉ ገፈት አመድ ግን ከደረቁ ክብደት 4 እስከ 8 ፐርሰንት ይደርሳል።

እሺ ታዲያ የት ይሰራል? ይሄን ነገር በብዛት ያሰቡበት ስፔኖች ናቸው፣ ምክንያቱም ችግሩ እነሱ ላይ ነው የከበደው። ደቡብ ስፔን አንዳሉሲያ ውስጥ ሀኤን የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፣ ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ፣ ከአለም አንደኛ የወይራ ዘይት አምራች አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ መጭመቂያዎቻቸውን ውሃ ወደሚቆጥበው ባለሁለት ፌዝ ሲስተም ቀየሩ፣ ጥቁሩ ቆሻሻ ውሃ ቀረላቸው፣ በምትኩ ከእያንዳንዱ ቶን ወይራ ወደ 800 ኪሎ የሚጠጋ እርጥብ ጭቃ መሳይ ገፈት መጣባቸው። እሱን አድርቀው የቀረችውን ዘይት በኬሚካል አውጥተው ቀሪውን መብራት ማመንጫ ውስጥ ያነዱታል። በሂሳብ ስናየው 1000 ቶን ወይራ 800 ቶን እርጥብ ገፈት፣ 65 ፐርሰንቱ ውሃ ነው ብንል 280 ቶን ደረቅ፣ 6 ፐርሰንት አመድ ብንል ወደ 17 ቶን አመድ። ያንቺ ቤት ባድ ምን ያህል እንደሚጨምቅ አላውቅም፣ ቁጥሩን እዚህ አስገቢና ራስሽ አውጪው።

እነሱ ጋ የተገኘው ብልህ ሀሳብ የሚከተለው ነው። ሲሚንቶ የሌለበት ማጣበቂያ አለ፣ የብረት ማቅለጫ ስላግን (ብረቱ ሲቀልጥ ተለይቶ የሚወጣውን ዝቃጭ) በጠንካራ አልካሊ ቀስቅሶ ማጠንከር። የዚህ ስራ ውዱ፣ አደገኛውና ካርቦኑም የሚበዛበት ክፍል አልካሊው ነው፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ሶዲየም ሲሊኬት ምናምን በፋብሪካ ተሰርቶ የሚገዛ። ታዲያ የወይራ አመድ ራሱ አልካሊ አይደል? ለሲሚንቶ ጠላት የሆነው ፖታሲየም ለስላግ መድኃኒት ሆነ። ማድሪድ ያለው ኤድዋርዶ ቶሮሃ ኢንስቲትዩትም፣ የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ይሄን ሰርተውበታል፣ የወይራ አመድ ስላግን ቀስቅሶ የሚጠነክር ሞርታር ይሰጣል፣ የተገዛውን ኬሚካል በከፊል ወይም በሙሉ መተካት ይችላል። ለኔ ከዚህ አመድ ጋር ከተሰሩት ስራዎች ሁሉ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፣ ሌላው አብዛኛው "ትንሽ ጨምረን ብዙ አልጎዳም" የሚል ነው።

ስለ ራዲየሽን የሰማ ሰው ካለ እሱንም ላንሳው፣ ፖታሲየም ባለበት ሁሉ በተፈጥሮው ፖታሲየም 40 አለ፣ በአንድ ግራም ፖታሲየም 31 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ። 30 ፐርሰንት ፖታሲየም ኦክሳይድ ያለው አመድ በኪሎ ከ7500 ቤኬሬል በላይ ይሆናል፣ አውሮፓ ለህንፃ ማቴሪያል ጨረር በምትጠቀምበት ኢንዴክስ (1 ሲያልፍ በጥልቀት ይታይ የሚባልበት) ብቻውን ሲሰላ ከ1 ያልፋል። ግን ማንም ከንፁህ አመድ ቤት አይሰራም፣ የሞርታሩ አንድ አስረኛ ሲሆን ከዚህ የሚመጣው ወደ 0.25 ይወርዳል። አሳሳቢ አይደለም፣ መለካት ግን ነበረበት፣ ለክተውታልም።

ችግሩ ይሄ መንገድ ለወንድምሽ አይመችም፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብረት የሚመረተው ቁርጥራጭ በማቅለጥ ነው፣ ያ የሚፈለገው አይነት ስላግ የሚወጣበት ብላስት ፈርነስ (የብረት ማዕድን የሚቀልጥበት ትልቅ ምድጃ) የለንም። በስላግ ቦታ የተቃጠለ ካኦሊን (ነጭ ሸክላ) ወይም የተፈጨ ፑሚስ (ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በአልካሊ መቀስቀስ ይቻላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ይፈልጋል፣ የላብ ስራ ነው፣ የብሎኬት ግቢ ስራ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የሸክላ ጡብ ነው፣ የሚተኮሰው። እዛው ሀኤን ዩኒቨርሲቲ በብዛት የሰሩት በዚህ ነው። ፖታሲየሙ ጭቃው በአነስተኛ ሙቀት እንዲያያዝ ይረዳል፣ አመዱ ውስጥ የቀረው ያልተቃጠለ ካርቦንና ካርቦኔቱ ደግሞ ሲወጣ ቀዳዳ ይተዋል፣ ጡቡ ይቀላል፣ ሙቀትም ብዙ አያስተላልፍም። ሳይቃጠል ገፈቱን ራሱን ጭቃው ውስጥ መጨመርም ይቻላል፣ ምድጃው ውስጥ ሲነድ የራሱን ማገዶ ይዞ ገባ ማለት ነው። በብዛት ከገባ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ውሃም ይጠጣል፣ ነጩ ጨው እዚህም አለ፣ ስለዚህ መጠኑ 10 ፐርሰንት አካባቢ ሲያልፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እናንተ አካባቢ ጡብ የሚተኩስ ፋብሪካ ካለ አለቃሽ መጀመሪያ ማናገር ያለበት እሱን ነው ባይ ነኝ።

ሶስተኛው አማራጭ ከመሬት ስር፣ አፈር ውስጥ ማስገባት ነው። ኮርዶባ ዩኒቨርሲቲ ከቦይለር ስር የሚወጣውን አመድ ለመንገድ ሙሌትና የሚያብጥ ሸክላ አፈርን ለማረጋጋት ሞክረውታል። እንደኛ መረሬ አፈር አይነቱ፣ ሲረጥብ የሚያብጠው ሲደርቅ የሚሰነጠቀው፣ ኖራ ሲገባበት እንደሚረጋጋ ሁሉ ካልሲየምና ፖታሲየም ያለው አመድም በመጠኑ ያረጋጋዋል። ውሃ አጥቦት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ማየት ያስፈልጋል እንጂ በብዛት የሚጠቀም፣ ስለ ጥራትም ብዙ የማይጨነቅ ስራ ይሄ ነው።

እና ኮንስትራክሽን ባይሆንም ልንገርሽ፣ እኔ ያንቺ አለቃ ብሆን መጀመሪያ የማስበው ወይራው ማሳ ላይ መመለስን ነው። ፖታሲየምና ፎስፈረስ ማለት ማዳበሪያ ነው፣ ሰው በገንዘብ የሚገዛው። አፈሩ ቀድሞውኑ ኖራ የበዛበት ከሆነ አመዱ ይበልጥ አልካላይን ስለሚያደርገው መጠኑን የአፈር ባለሙያ ይወስን፣ ግን ቤት መስራት ሁልጊዜ ከሁሉ የተሻለ ጥቅም ነው ያለው ማነው?

አሁን ወደ ወንድምሽ። የቡና ገለፈት አመድ የወይራው የቅርብ ዘመድ ነው፣ እሱም ፖታሲየሙ እጅግ ከፍተኛ ነው፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ እሱም ላይ ይሰራል። "ሀገር በቀል ስለሆነ ይሻላል" የሚባል ነገር የለም። ሲሊካ ያለው አመድ ከፈለገ ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ያለው የባጋስ አመድ ነው፣ ወይ ፎገራ አካባቢ ያለው የሩዝ ገለፈት፣ ግን ከዛ ሀዋሳ ድረስ በመኪና ሲመጣ ትርፉ መንገድ ላይ ይቀራል። ከእግሩ ስር ያለው ፑሚስ ራሱ የተፈጥሮ ፖዞላን ነው! ብሎኬት ውስጥ እንደ ጠጠር ሲገባ ሳይሆን እንደ ሲሚንቶ ደቅቆ ሲፈጭ ማለቴ ነው። የኛ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ፒፒሲ (ፖዞላን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) የሚሉት ውስጥ የሚጨምሩት እሱን ነው። እናም ከረጢቱን ያንብብ፣ ፒፒሲ እየተጠቀመ ከሆነ ክሊንከሩ (ዋናው የሲሚንቶ ጥሬ አካል) አስቀድሞ ተቀንሶለታል፣ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መተካት ማለት ውሃ የገባበትን ወተት መልሶ ማቅጠን ነው። ኦፒሲ (ፖዞላን ያልተጨመረበት ሲሚንቶ) ከሆነ ነው ወሬው የሚጀምረው።

ሲሚንቶ መቀነስ ነው ዋናው ሀሳቡ ከተባለ ደግሞ ከአመድ በፊት የሚቀነስባቸው ቦታዎች አሉ። አሸዋው ታጥቦ ጭቃው ቢወጣ፣ የውሃው መጠን በአይን ሳይሆን በመለኪያ ቢሆን፣ ማሽኑ በደንብ ቢያንቀጠቅጥ፣ ብሎኬቱ ፀሐይ ላይ ተጥሎ ከመድረቅ ቢያንስ 7 ቀን እየተሸፈነ ውሃ ቢጠጣ፣ ያኔ ሲሚንቶው ቢቀነስም ያው ጥንካሬ ይወጣል። ብዙ ግቢ ውስጥ ያየሁት ብክነት ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ግን ይሄ ዩቲዩብ ላይ አይታይም።

እንደዛም ሆኖ ልሞክረው ካላችሁ (ትሞክሩታላችሁ፣ አውቃለሁ) ቢያንስ እንዲህ አድርጉት። ጓንትና መነፅር አድርጉ፣ አመዱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ፒኤቹ 12 እና 13 ይደርሳል፣ ቆዳ ይልጣል፣ አይንን ያጠፋል። 100 ግራም ደረቅ አመድ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አማስሉት፣ አጣሩት፣ የቀረውን አድርቃችሁ መዝኑት። 30 እና 40 ግራም ከጠፋ የጠፋው አብዛኛው የፖታሲየም ጨው ነው፣ ያንን አመድ ሲሚንቶ ውስጥ አታስገቡት። የቀረውን የታጠበ አመድ ግን ፈጭታችሁ እንደ ማሟያ በትንሹ መሞከር ይቻላል፣ ካልሲየም ካርቦኔትና ሲሊካ ስለሚበዛበት እንደ ድንጋይ ዱቄት ያገለግላል። ያጠባችሁበት ውሃ አልካሊ ስለሆነ ቦይ ውስጥ አይደፋም፣ ወይ ለማዳበሪያ ባለሙያ ይታይ ወይ ለአልካሊ ስራ ይቀመጥ።

ከዛ ላብ ስትልኩ ኤክስ አር ኤፍ ኬሚካል ምርመራ፣ ሲቃጠል የሚጠፋ ክብደት፣ ክሎራይድ፣ የመያዣ ሰዓት፣ እና በ7፣ በ28፣ በ90 ቀን የሚጨመቁ ኪዩቦች ጠይቁ፣ አመድ የሌለበት ማወዳደሪያም አብሮ ይሰራ። ላቡ "20 ፐርሰንት ተክተን ከማወዳደሪያው 75 ፐርሰንት ደርሷል፣ አልፏል" ቢላችሁ ቶሎ አትደሰቱ፣ ያ መስፈርት ምንም የማይሰራ የተፈጨ አሸዋም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ነው። የምታዩት በ28 እና በ90 ቀን መሀል ነው። እውነተኛ ፖዞላን ከሆነ በዛ ጊዜ ውስጥ ወደ ማወዳደሪያው እየተጠጋ ይሄዳል፣ ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ አልካሊው ነው፣ ዝም ብሎ ባለበት ከቆመ ደግሞ ያስገባችሁት ዱቄት ብቻ ነው ማለት ነው።

የቦይለሩን የስር አመድና የሳይክሎኑን ለየብቻ ለይተሽ የማጠብ ሙከራውን ከሰራሽ ቁጥሩን ፃፊልኝ፣ የወንድምሽንም ጠጠር ከየት ኳሪ እንደሆነና ሲሚንቶው የትኛው እንደሆነ ጨምሪበት፣ ከዛ ቀጣዩን እንነጋገራለን።